ስሜን ተራሮች፦ ውበቱን ስናይ የማንረሳቸው ቤተሰቦች

የትምህርት ቤት እረፍት በቀረበ ቁጥር በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘንድሮስ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» የአብዛኞቻችን መልስ ወይ ዘመድ ቤት ነው፣ ወይ ሐይቅ ዳር። እኛም ይህንኑ ጥያቄ ይዘን በጥር ወር 2010 ዓ.ም ሦስት ቤተሰብ ሆነን ወደ ስሜን ተራሮች ተጓዝን። ልናሳያቸው ያሰብነው ዋልያን ነበር፤ ልጆቻችን ግን ከዋልያ ሌላም ነገር አዩ።

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይገባል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ተመዝግበን፣ የመግቢያውን ከፍለን፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ፣ መንገድ መሪና ሁለት በቅሎዎች ከነባለቤታቸው ይዘን ተነሳን። የመጀመሪያውን ሌሊት 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው ሳንቃበር አደርን። ለሱብሒ ስንነሳ ውሃው ጣት ይቆርጣል። ቂብላ ከዚያ ቦታ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ነው። ገደሉም የሚያየው ወደ ሰሜን በመሆኑ፣ ስናሰላምት ጎሕ ሲቀድ ከፊታችን ያለው አገር ሁሉ ከጭጋግ ውስጥ ብቅ እያለ ነበር። ሱብሐነላህ! ከልጆቹ አንዱም የተናገረ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገጠሙን። ትንሿ ልጃችን ከሩቅ አይታ «በጎች!» አለች። አልተሳሳተችም ማለት ይቻላል፤ ጭላዳ እንደ በግ ሣር እየነጨ ውሎ ሲመሽ ገደል ውስጥ ገብቶ የሚያድር፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ዋልያ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ መኖሪያው ይኸው የስሜን ተራራ ብቻ ነው። የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ ሆነን ካየን በኋላ አቀበቱን ስንወጣ ውለን ወደ ግጭ ደረስን።

ባዶው መንደር

በ3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው በዚያ ሜዳ የድንጋይ ካብ፣ የቤት መሠረትና ታርሶ የተተወ ማሳ አየን። ማሳውን ሣር መልሶ እየሸፈነው ነበር። የአሥር ዓመቱ ልጃችን «አባባ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ አጭር አይደለም።

ስሜን ብሔራዊ ፓርክ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ነገር ግን ሰዎቹ ከፓርኩ በፊት እዚያ ነበሩ። የግጭ ነዋሪዎች ሙስሊሞች ነበሩ፤ ገብስ እያረሱ፣ በግና ከብት እያረቡ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። ቁልቁለቱ ሲታረስ አፈሩ ታጠበ፣ ግጦሹ ሲበዛ የዋልያ ቦታ ጠበበ፤ በፓርኩ ውስጥ መንገድም ተቆረጠ። በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

መፍትሔ ተብለው ከተያዙት እርምጃዎች አንዱ መንደሩን ማንሳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ 418 አባወራዎች፣ በጠቅላላው 2,508 ሰዎች፣ ካሳ እየተከፈላቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ስሜን ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ዜናው አገርን አስደሰተ፤ እኛም ደስ ብሎን ነበር። የደስታው ዋጋ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ግን አላሰብንም ነበር።

ስንመለስ ደባርቅ ላይ ዙህርን ሰግደን ስንወጣ ከግጭ ከመጡ አንድ አባት ጋር ተጨዋወትን። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ለልጆቻቸው እንደቀረበ አልካዱም። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን ገብስ ከጎተራቸው ሲያወጡ የኖሩ ሰው ዛሬ እህል በኪሎ ይገዛሉ። የካሳ ገንዘብ ያልቃል፤ መሬት ግን በየዓመቱ ያበላ ነበር። የሚያርሱት የሌላቸው ገበሬ መሆን እንዴት እንደሚከብድ ከፊታቸው አነበብን።

እኛስ ምን እናድርግ?

ተራራውም፣ እንስሳቱም አማና ናቸው፤ ማንም ሊያጠፋቸው መብት የለውም። ጎረቤትም አማና ነው። ስለ ዋልያ መትረፍ የምንደሰት ሰዎች ለዋልያው ቦታ የለቀቀውን ቤተሰብ ብንረሳ ደስታችን ጎዶሎ ነው። ደግሞም ያለ አካባቢው ሰው ፓርኩ አይጠበቅም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም ስሜን በእሳት ሲነድ፣ ተራራ ወጥተው ከተጋፈጡት መካከል የዙሪያው ገበሬዎችና ወጣቶች ነበሩ።

ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ቤተሰብ በቅሎውን፣ መንገድ መሪውንና ምግብ አብሳዩን ከዚያው ይያዝ፤ ስንቁንም ከደባርቅ ገበያ ይሸምት። ዋጋ ሲከራከር ደግሞ ብሩ የማን ጓዳ እንደሚገባ ያስብ። ወፍራም ጋቢና ካፖርት አይረሳ፤ ሌሊቱ ብርቱ ነው። ሥጋ የሚፈልግ ከከተማው የሙስሊም ልኳንዳ ገዝቶ ይውጣ። ለሕፃናትና ለልብ ሕመምተኞች ከፍታው ስለሚከብድ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም አጣሩ፤ የሰሜኑ ጦርነት ወደ አካባቢው ደርሶ ነበር፣ በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎታል።

ልጃችን ከዚያ ጉዞ ብዙ ፎቶግራፍ ይዞ ተመልሷል። ለክፍል ጓደኞቹ ሊያሳይ የመረጠው ግን የዋልያውን አልነበረም፤ በሣር መሐል የቀረውን የአንድ ቤት መሠረት ነበር። «እዚህ ሰው ይኖር ነበር» ብሎ ከሥሩ ጻፈበት። አላህ ተራራውንም፣ ለተራራው ብለው የለቀቁትንም ይጠብቅልን።