ድንጋይ በዋልካ ላይ

መተማ ዮሐንስ አጠገብ እርሻ ያላቸው አንድ የሰሊጥ ባለሀብት ለሠራተኞቻቸው ቤት እንድሠራ ሲጠሩኝ፣ መጀመሪያ ያሳዩኝ በስልካቸው የያዙትን ፎቶ ነው። የእንግሊዝ ገጠር፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ ረጅም ጭስ ማውጫ። «እንዲህ አድርግልኝ» አሉ።

ብሪስቶል አጠገብ ያለው ብሌዝ ሃምሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1811 ገደማ አርክቴክቱ ጆን ናሽ ዘጠኝ ቤቶች የነደፈው ለአንድ ባለርስት ጡረተኛ አገልጋዮች ነው፤ አንዱ ቤት ሌላውን አይመስልም። ያምራል፣ አልክድም።

የእኛ መሬት ግን ዋልካ ነው። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን፣ ከገላባት አልፎ እስከ ገዳሪፍ ያው ጥቁር አፈር ነው። ሰሊጥና ማሽላ ይስማማዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንግሊዞች ለሠራዊታቸው እህል ሲፈልጉ ትራክተር ያስገቡት እዚያው ነው። ግንበኛ ግን ይፈራዋል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መጋቢት ላይ ሜትሬን ስንጥቁ ውስጥ ብለቀው ክንድ ሙሉ ገባ። በጀማሪነቴ የሠራሁት የድንጋይ ቤት በአንድ ክረምት ከመስኮቱ ማዕዘን እስከ ጣሪያው በሰያፍ ተተርትሯል። ዋልካውን ሳላወጣ መሠረት የጣልኩ እኔው ነኝ።

«ልጄ፣ ጎጆ ቢዘም በትከሻ ይቃናል፤ ድንጋዩን ማን ያቃናዋል?» ያሉኝ ያኔ አብረውኝ የነበሩ አዛውንት ክዳን ሠሪ ናቸው። እውነታቸውን ነው። ወጋግራውና ማገሩ በልጥ የታሰረ ስለሆነ መሬቱ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። ሚያዝያ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ሲያቅት፣ ሣር ክዳን ሥር እንቅልፍ ይወስዳል። ሱዳኖች ጎጆውን ጉጢያ፣ የሣር ዳሱን ራኩባ ይሉታል።

በድንጋይ መሥራት ይቻላል፤ ዋልካውን እስከ ጠንካራው ድረስ ቆፍሮ አውጥቶ ገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ ውሃውን በቦይ ማራቅ ነው። ዋጋውን ስነግራቸው ባለሀብቱ በጣታቸው ቆጠሩ፦ ጥቅምት፣ ኅዳር። አጫጁ ከዚያ በላይ አይቆይም። የብሌዝ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን ሊጨርሱበት ነበር የተሠራላቸው።

አሥራ ሁለት ጎጆ ሠራን፣ ወለላቸውን በገረጋንቲ ከፍ አድርገን። ኮረብታው ሥር፣ አለቱ ብቅ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድ የድንጋይ ቤት። እሱ የሰሊጡ መጋዘን ነው።