ኢሜይሉ ደርሷል፣ ስልካችን ግን አላመጣውም



ባለፈው ዓመት ለኢንተርንሺፕ ያመለከትኩበት አንድ ድርጅት ሰኞ ዕለት ኢሜይል ላከልኝ። እስከ ረቡዕ መልስ እንድሰጥ ይጠይቃል። እኔ ያየሁት ዐርብ፣ ከጁምዓ ሰላት ስመለስ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ ከእጄ አልወጣም፤ ቴሌግራም በደንብ ይሠራል፤ የኢሜይል አፑንም በየቀኑ እየከፈትኩ «ምንም የለም» ብዬ ዘግቻለሁ። ቦታው ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። የአላህ ቀደር ነው ብዬ ተቀበልኩት፤ ሰበቡን ግን ፈልጌ አገኘሁት። የስኮላርሺፕም የሥራም ጥሪ በኢሜይል በሚመጣበት ጊዜ፣ እኔን የገጠመኝ ሌላውን እንዳይገጥመው ብዬ ይህን ጻፍኩ።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንረዳ። የተላከልን ኢሜይል በቀጥታ ስልካችን ላይ አይገባም። ቀድሞ የሚያርፈው ሰርቨር ላይ ነው፤ ስልካችን ላይ ያለው አፕ ከዚያ ቅጂውን ያመጣል። ይህ ሥራ «ሲንክ» ይባላል። ስለዚህ ኢሜይል ቀረብን ስንል መለየት ያለብን አንድ ነገር ነው፦ ሰርቨሩ ላይ አልደረሰም ወይስ ደርሶ ስልኩ አላመጣውም? ይህን ሳይለዩ አፑን እያጠፉ መጫን ልፋት ብቻ ነው።

ለመለየት ላይብረሪ ወይም ኮምፒውተር ላብ ገብታችሁ ኢሜይላችሁን በብራውዘር ክፈቱ። ስትጨርሱ ሳይን አውት ማድረግ እንዳትረሱ። መልእክቱ እዚያም ከሌለ «ስፓም» የሚለውን እዩ። ቦታ መሙላቱንም አረጋግጡ። ጂሜይል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ከጎግል ድራይቭና ከጎግል ፎቶዎች ጋር ይጋራል። ፎቶና ቪዲዮ ከሞላው አዲስ ኢሜይል አይገባም፤ ወደ ላኪው ይመለሳል።

መልእክቱ በብራውዘር ከታየ ግን ችግሩ ስልካችሁ ላይ ነው። ከቀላሉ ጀምራችሁ በቅደም ተከተል ፈትሹ።

አንደኛ፣ ኢንተርኔቱን። ቴሌግራም ሠራ ማለት ኢንተርኔት አለ ማለት ላይሆን ይችላል። የገዛችሁት ጥቅል ለቴሌግራም ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ኢሜይል በእሱ አይመጣም። መግቢያ ገጽ ያለው የግቢ ዋይፋይም ስምና የይለፍ ቃል እስክትሞሉ ድረስ «ተገናኝቷል» እያለ ምንም አያሳልፍም። አንድ ሌላ ድረ ገጽ ከፍታችሁ ሞክሩ።

ሁለተኛ፣ ቀኑንና ሰዓቱን። ከመካከላችን ስልኩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በእጁ የሚያስተካክል አለ። ሰርቨሩ ከስልካችን ጋር ሲገናኝ እንደ መታወቂያ የሚያሳየው ሰርተፍኬት አለው፤ ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። የስልኩን ዓመት 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ከመለስነው፣ ስልኩ «ይህ ሰርተፍኬት ገና አልጀመረም» ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋል። ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጉት። የኢትዮጵያውንም ሆነ የሂጅሪውን ቀን በሌላ አፕ ማየት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ሲንኩን። የእኔ ችግር ይህ ነበር። ዳታ ለመቆጠብ ብዬ አጥፍቼው ረሳሁት። ሲንክ መጥፋቱን የሚናገር ትንሽ ጽሑፍ አፑ ላይ ነበር፤ አላነበብኩትም። በጂሜይል ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች ነክታችሁ «ሴቲንግስ» ግቡ፤ አካውንታችሁን ምረጡና «ሲንክ ጂሜይል» ላይ ምልክት መኖሩን እዩ። ቀጥሎ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ» ገብታችሁ አውቶማቲክ ሲንክ መብራቱን አረጋግጡ።

አራተኛ፣ ቁጠባውን። «ባተሪ ሴቨር» እና «ዳታ ሴቨር» ያልከፈትነው አፕ ከጀርባ እንዳይሠራ ይገድቡታል። ሳምሰንግ የምትይዙ የኢሜይል አፑ «ስሊፒንግ አፕስ» ዝርዝር ውስጥ ካለ አውጡት። አይፎን ላይ ደግሞ «ሎው ፓወር ሞድ» ሲበራ ስልኩ ኢሜይል በራሱ ማምጣቱን ያቆማል።

አምስተኛ፣ የይለፍ ቃሉን። ኮምፒውተር ላይ ቀይራችሁት ከሆነ ስልኩ አሮጌውን ይዞ ይቀራል። አዲሱን አስገቡለት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የአፑን «ካሽ» አጽዱ፤ ኢሜይላችሁን አይነካም። የመጨረሻው መፍትሔ አካውንቱን ከስልኩ አውጥቶ እንደገና ማስገባት ነው። ከዚያ በፊት ግን የይለፍ ቃሉን በትክክል እንደምታውቁት፣ ኢሜይሎቻችሁ በብራውዘር እንደሚታዩ፣ ሳይላክ «አውትቦክስ» ውስጥ የቀረ ነገር እንደሌለ አረጋግጡ። ያልተላከው ሊጠፋ ይችላል።

ስትጨርሱ ጓደኛችሁ አንድ ኢሜይል ይላክላችሁ፤ አፑን ሳትከፍቱ ኖቲፊኬሽኑ ከመጣ ተስተካክሏል ማለት ነው። ቁርጥ ቀን ያለው መልስ የምትጠብቁ ከሆነ ግን በስልኩ ብቻ አትተማመኑ፤ ቀኑ እስኪያልፍ በየቀኑ በብራውዘር እዩ። እኔ ያን ሳምንት አንዴ ላይብረሪ ገብቼ ባይ ኖሮ ረቡዕ ሳያልፍ እደርስ ነበር።

አላህ የምንጠብቀውን ኸይር ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም!