የቧንቧ ውሃ ሲቀንስ ፓምፕ መግጠም መፍትሔ ነው?

ከጅቡቲ ከተማ ነባር ሰፈሮች አንዱ በሆነው ካርቲየ 1 ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ባለ ሰፈር ጎረቤታሞች ውሃ የሚያገኙት ከአንድ መስመር ነው። ስለዚህ ውሃው ሲቀንስ አንዱ ቤት የሚወስደው እርምጃ የሌላውን ድርሻ፣ አልፎ ተርፎም ጤናውን ሊነካ ይችላል።

ከተማዋ ለረዥም ዓመታት የኖረችው ጨዋማነት ባለው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐደጋላ የተዘረጋው 102 ኪሎ ሜትር መስመር ተመርቋል። መስመሩ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያደርስ የታቀደ ነው። በዶራሌ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ፣ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ ከጨው የሚለይ ጣቢያ ተገንብቷል።

ይሁን እንጂ ወደ ከተማ የሚገባው ውሃ መጨመሩ ብቻ በየቤቱ በቂ ውሃ መድረሱን አያረጋግጥም።

ግፊትና ፍሰት ምንና ምን ናቸው?

ግፊት ውሃውን የሚገፋው ኃይል ነው፤ ፍሰት ደግሞ በደቂቃ የሚወጣው የውሃ መጠን። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይጨምሩም። ለምሳሌ በመኖሪያ ቤት የመዋኛ ገንዳ ላይ ማጣሪያው በቆሻሻ ሲደፈን መለኪያው ከፍ ያለ ግፊት ያሳያል፤ ወደ ገንዳው የሚመለሰው ውሃ ግን ይቀንሳል።

ከቧንቧው 10 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ጣሪያ ላይ በ3 ሜትር ከፍታ የተቀመጠ ሮቶ ግን የሚሰጠው 0.3 ባር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ባልዲ ለመሙላት ቢበቃም ለሻወር ደካማ ነው።

ችግሩ የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል?

ሁሉም ቧንቧዎች ተዘግተው ግፊቱ ይለካል። ከዚያ አንዱ ተከፍቶ 20 ሊትር ጄሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይታያል። በሁለት ደቂቃ ከሞላ ፍሰቱ በደቂቃ 10 ሊትር ነው።

ሲዘጋ ጥሩ የነበረው ግፊት ሲከፈት ክፉኛ ከወረደ፣ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ጠባብ ቧንቧ፣ ዝገት ወይም በከፊል የተዘጋ መክፈቻ ነው። በዚህ ጊዜ መለወጥ ያለበት ቧንቧው ነው። ተዘግቶም ግፊቱ ዝቅተኛ ከሆነ ግን ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከሮቶው ከፍታ ይመጣል።

አደጋው ምንድን ነው?

ፓምፕ ውሃ አይፈጥርም። በቀጥታ ከሕዝብ መስመር ላይ ሲገጠም የጎረቤትን ድርሻ ይስባል። በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በታች ሲወርድም፣ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል በአካባቢው ያለ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የተበከለውን ውሃ የሚጠጣው ፓምፑን የገጠመው ቤት ብቻ አይደለም።

አስተማማኙ መንገድ የመስመሩ ውሃ በራሱ ግፊት መሬት ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ እንዲገባ ማድረግ፣ ፓምፑንም ከማጠራቀሚያው ወደ ጣሪያው ሮቶ እንዲገፋ መግጠም ነው። ማጠራቀሚያው ባዶ ሲሆን ፓምፑ በራሱ መቆም አለበት፤ አለዚያ ይቃጠላል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ጅቡቲ ሮቶውን መክደንና ጥላ ማበጀትም ያስፈልጋል፤ ውሃው ሲሞቅ በውስጡ ያለው ክሎሪን ቶሎ ይጠፋልና።