ስለ ጠፋ የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ

በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ውስጥ ነዳጅ ለመቅዳት የቆመ መንገደኛ የመቅጃውን ማሽን አተኩሮ ቢመለከት፣ ልኩ የተመረመረ መሆኑን የሚመሰክር የግዛቱ የእርሻና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ምልክት ተለጥፎበት ያገኛል፤ ይኸው መሥሪያ ቤት ብርቱካኑን ይመረምራል፣ የከብቱን በሽታ ይከታተላል፣ የደኑን እሳት ያጠፋል፤ ከዚህ ሁሉ ተግባሩ ጋር ደግሞ ሰው ሽጉጡን በልብሱ ሸፍኖ እንዲሄድ የሚያስችለውን ፈቃድ የሚጽፍ፣ የሚያድስ፣ የሚሽርና በጠፋም ጊዜ ምትኩን የሚሰጥ እርሱ ነው። ብርቱካንና ሽጉጥ በአንድ ጣራ ሥር እንዴት ሊገናኙ ቻሉ ብሎ ለሚደነቅ ሰው መልሱ ከመሣሪያው ጠባይ ሳይሆን ከሹመቱ ሥርዓት የሚገኝ ነው፤ ቀድሞ ፈቃዱን ይሰጥ የነበረው የግዛቱ ጸሓፊ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ጸሓፊው በሕዝብ ድምፅ መመረጡ ቀርቶ በአገረ ገዥው የሚሾም በሆነ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የፈቃዱ ክፍል ዛሬም በሕዝብ ወደሚመረጠው ወደ እርሻው ኃላፊ ተዛወረ። ክፍሉ የሚገኘው በዋና ከተማዋ በታላሃሲ ነው።

ፈቃዱ ራሱ የተወለደው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 1987 ጀምሮ በጸናው ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ፈቃድ መስጠትና መንፈግ በየአውራጃው ሹማምንት እጅ የነበረ ጉዳይ ስለ ነበር፣ በአንዱ አውራጃ የተፈቀደው በሌላው ይከለከል ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን የሹሙን ፊት አይቶ መፍቀድን አስቀርቶ፣ በጽሑፍ የተቆጠሩትን ነገሮች ላሟላ ሰው ሁሉ መሥሪያ ቤቱ በ90 ቀን ውስጥ ፈቃዱን እንዲሰጥ ወይም የከለከለበትን ምክንያት እንዲገልጥ አስገደደው። ከተቆጠሩትም ነገሮች ዋነኞቹ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ መሆን፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን፣ በከባድ ወንጀል ያልተፈረደበት መሆን፣ በመሣሪያ አያያዝ መሠልጠኑን በምስክር ወረቀት ማስረዳትና የጣት አሻራ መስጠት ናቸው። ቋሚ ነዋሪ በተባለው ቃል ውስጥ፣ ዲቪ ደርሶት ወይም በቤተ ዘመድ በኩል ተጠርቶ ሄዶ ግሪን ካርድ የያዘው ያገራችን ሰው ሁሉ ይጠቃለላል፤ በሌሊት ሱቅ የሚጠብቀውና በነዳጅ ማደያ የሚያድረው ወገናችን ይህን ነገር ሊያውቀው የሚገባውም ስለዚህ ነው።

የፈቃዱ ካርድ የባለቤቱን መልክ በኅብረ ቀለም ፎቶግራፍ ይይዛል፣ ለ7 ዓመትም ይጸናል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በሥራ ላይ ያሉት ፈቃዶች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስለ ሆነ፣ ካርዱ በዚያ ግዛት የጥቂት ባለጠጎች ወይም የሹማምንት ጌጥ ሳይሆን እንደ መንጃ ፈቃድ በብዙ ኪስ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው፤ በብዙ ኪስ ውስጥ የሚኖር ነገር ደግሞ ከብዙ ኪስ መውደቁ የማይቀር ነው።

አሁን ላገራችን አንባቢ እንግዳ ወደ ሆነው ነገር እንግባ። በእኛ ዘንድ የመሣሪያ ፈቃድ ሲባል በመጀመሪያ ወደ ልቡና የሚመጣው መሣሪያው ነው፤ ወረቀቱ ያለ ጠመንጃው ቁጥር፣ ጠመንጃውም ያለ ወረቀቱ ሙሉ አይሆንም፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውና ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ የሚሰጠው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረቱ የመሣሪያው ምዝገባ ነው። በፍሎሪዳ ግን የሽጉጥ ባሕር መዝገብ ማቋቋም ራሱ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ በካርዱ ላይ የአንድም ሽጉጥ ስም ወይም ቁጥር አይጻፍም። ፈቃዱ የሚመሰክረው ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ ሰውዬው ነው፤ ይህ ሰው ተመርምሮ ኅቡእ መሣሪያ ለመያዝ የተገባ ሆኖ ተገኝቷል ይላል እንጂ፣ መሣሪያው ይህ ነው አይልም፤ ኅቡእ መሣሪያ የተባለውም ሽጉጥ ብቻ ሳይሆን ቢላዋን፣ ቆመጥን፣ አስለቃሽ ጢስ የሚተፋውንና በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘውን መሣሪያ ጭምር ያጠቃልላል። ካርዱ ሲጠፋ የሚሆነውን ነገር ለመረዳት ይህን ልዩነት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

የፍሎሪዳ ሕግ ስለ ጠፋ ካርድ የሚናገረው በአጭር ቃል ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ምሥጢር ያለው ነው። ፈቃዱ የጠፋ ወይም የተበላሸ እንደ ሆነ ያን ጊዜውኑ በራሱ ዋጋ ያጣል ይላል። ዳኛ አይፈርድበትም፣ ሹም አይሽረውም፣ ማኅተም አይሰበርበትም፤ ከባለቤቱ እጅ በወጣበት ሰዓት የሞተ ሆኖ ይቆጠራል። የሞተው ግን ካርዱ ነው እንጂ በታላሃሲ መዝገብ የተጻፈው የሰውዬው መብት አይደለም፤ ሊቃውንት ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ እንደሚያስተምሩት፣ ሥጋው ፈርሶ ነፍሱ ሌላ ሥጋ እስኪሰጠው ድረስ በመዝገብ ውስጥ ይቈያል። ለዚህ ትንሣኤ ሕጉ የሚጠይቀው ዋጋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጅግ ትንሽ ነው፤ 15 ዶላርና አንድ መሐላ።

በመጀመሪያ ባለቤቱ ካርዱ በጠፋ ወይም በተበላሸ በ30 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ አለበት፤ ይህን ያላደረገ ሰው 25 ዶላር ይቀጣል፣ ቅጣቱም የወንጀል መዝገብ የማያስገባ የደንብ መተላለፍ ነው። የመኖሪያ አድራሻውን የለወጠ ሰውም በዚሁ የ30 ቀን ቀጠሮ የታሰረ ነው፤ ምትክ የጠየቀበት ካርድ ወደ ቀድሞ ቤቱ ተልኮ በማያውቀው ሰው እጅ እንዳይወድቅ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማስታወቅ ይገባዋል። ቀጥሎም፣ ካርዴ ጠፍቶብኛል ወይም ተበላሽቶብኛል የሚል ቃል ጽፎ በውል አረጋጋጭ ፊት ይምላል፤ ውል አረጋጋጩም የሰውዬውን ማንነት አይቶ ፊርማውንና ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ይህ የተረጋገጠ ቃለ መሐላ ከ15 ዶላሩ ጋር ለፈቃዱ ክፍል ይደርሳል፤ ክፍሉም መዝገቡን አገላብጦ ፈቃዱ ያልታገደና ያልተሻረ መሆኑን ካየ በኋላ ምትኩን ይሰጣል። በሕጉ ቃል ዳግመኛ መሠልጠን፣ ዳግመኛ አሻራ መስጠት፣ ምስክር መቁጠር የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆም አንባቢ ይፍቀድልኝ። እኔ ሽጉጥ የታጠቅሁ ሰው አይደለሁም፤ መታወቂያዬን ግን በአንድ የዝናብ ቀን በታክሲ ውስጥ ጥያለሁ። ምትክ ለማውጣት የሄድሁበት፣ ስሙን የማልጠራው ጽሕፈት ቤት መጥፋቱን የሚያስረዳ ወረቀት ከሌላ ቢሮ እንዳመጣ አዘዘኝ፤ ሌላው ቢሮ ደግሞ ቃሌን ለመቀበል በመጀመሪያ መታወቂያዬን እንዳሳየው ጠየቀኝ። መታወቂያው እንደ ሌለኝ ለማስረዳት መታወቂያ ያስፈልገኝ ነበር ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ስመላለስ የከረምሁት ሰው፣ አንድ መንግሥት ስለ ወንበር ወይም ስለ በሬ ሳይሆን ሰው ስለሚገድል መሣሪያ በተሰጠ ፈቃድ የባለቤቱን መሐላ በቂ ማስረጃ አድርጎ መቀበሉን ባነበብሁ ጊዜ፣ ለመደነቅም ለመቅናትም ምክንያት ነበረኝ።

ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ላየው ሰው ይህ መሐላን መቀበል የዋህነት አይደለም። አባቶቻችን የጠፋ ነገር ሲፈልጉ አገሩን በአፈርሳታ ሰብስበው ያስምሉ የነበረው፣ እውነቱን የሚያውቀው የሰውዬው ልብ ብቻ በሆነበት ነገር ላይ ከመሐላ በቀር ሌላ መድረሻ ስለ ሌለ ነው፤ የካርድም መጥፋት እንደዚሁ ነው፤ አለመኖርን በምን ማስረጃ ያስረዷል? ደግሞም ሐሰተኛ ቃል በመሐላ የሰጠ ሰው በወንጀል ይጠየቃል፤ ወንጀለኛም ሆኖ ከተገኘ በ15 ዶላር ያገኘውን ካርድ ሊያጣው ይችላል። ስለዚህ ሕጉ የሚያምነው ሰውዬውን ብቻ ሳይሆን ፍርሀቱንም ጭምር ነው። ካርዱን መንገድ ላይ ያገኘ ሌላ ሰውም ብዙ አይጠቀምበትም፤ ፎቶግራፉ የእርሱ አይደለምና፤ የባለፈቃዶቹም ስምና አድራሻ በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ በምሥጢር የሚጠበቅ እንጂ ለጠየቀ ሁሉ የሚገለጥ አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንቆቅልሽ ሆኖብኛል። የግዛቱ ሕግ ካርዱ የጠፋበት ሰው በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ ሲያስገድድ፣ ሽጉጡ ራሱ ለጠፋበት የግል ባለቤት ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አልጣለም፤ በአገር አቀፉ ሕግ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያስታውቅ የታዘዘው የመሣሪያ ነጋዴው ብቻ ነው። የወረቀቱ መጥፋት ግዴታ ሲያስከትል የብረቱ መጥፋት ለሕሊና የተተወበት ሥርዓት፣ ምንም እንኳ ከመዝገብ ክልከላው ጋር የተስማማ ቢሆን፣ ለእኔ የተገለበጠ ሚዛን ነው። ቦርሳውና ሽጉጡ አብረው የተሰረቁበት ሰው ሕጉ ባያስገድደውም እንኳ የሽጉጡን ቁጥር ይዞ ወዲያው ወደ ፖሊስ ቢሄድ፣ ነገ በዚያ ሽጉጥ ወንጀል ቢሠራ ራሱን ለማስረዳት ይቀለዋል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 2023 አገረ ገዥው ሮን ዴሳንቲስ በፈረሙትና በሐምሌ 1 ቀን በጸናው ሕግ መሠረት ደግሞ፣ ከሥልጠናውና ከጣት አሻራው በቀር ለፈቃዱ የሚያበቃውን ነገር ያሟላ ሰው ፈቃድ ሳያወጣ ኅቡእ መሣሪያ እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ የሚጠበቅበት የታወቀ መታወቂያ ይዞ መገኘትና ፖሊስ ሲጠይቀው ማሳየት ነው። እንግዲህ ካርዱ የጠፋበት ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ ምን ቸገረኝ ብሎ ሊተወው ይችላልን? የሚተዉት ይኖራሉ፤ የሚተዉት ሰዎች የሚያጡትን ግን አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው። የፍሎሪዳን ፈቃድ የሚያከብሩ ሌሎች ግዛቶች የሚያከብሩት ፈቃዱን ነው እንጂ የፍሎሪዳን የፈቃድ አልባነት ሕግ አይደለም። የአገር አቀፉ ሕግ ከትምህርት ቤት ቅጥር 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ መሣሪያ መያዝን ሲከለክል፣ ከክልከላው ከሚወጡት አንዱ ትምህርት ቤቱ ያለበት ግዛት ፈቃድ የሰጠው ሰው ነው፤ በከተማ ውስጥ ከትምህርት ቤት 300 ሜትር ሳይጠጉ መንዳት እንዴት አስቸጋሪ እንደ ሆነ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻም፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ሕዝቡ በድምፁ በግዛቱ ሕገ መንግሥት ያስገባው፣ የገዙትን ሽጉጥ ለመረከብ ሦስት ቀን የመጠበቅ ግዴታ ባለፈቃዱን አይመለከተውም። ለ15 ዶላር ይህን ሁሉ መተው እንደ እኔ ፍርድ ቁጠባ አይባልም።

ምትኩ የቀድሞው ፈቃድ ግልባጭ ስለ ሆነ የጠፋው ካርድ ሊያልቅ ጥቂት ወራት የቀሩት ከሆነ ከመተካት ይልቅ ማደስን ማሰብ ይሻላል፤ የአገልግሎት ጊዜው ካለፈ 180 ቀን የሞላው ፈቃድ ከቶ አይታደስም፣ ባለቤቱም እንደ አዲስ አመልካች ከመጀመሪያው ይነሣል።

የጠፋው ካርድ ደግሞ ምትኩ ከመጣ ከሳምንት በኋላ ከወንበር ሥር ወይም ከታጠበ ሱሪ ኪስ ውስጥ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ካርድ አለኝ ብሎ መደሰት አይገባም፤ በሕግ ሞቷልና እንደ አልዓዛር አይነሣም፣ በመቀስ ቆራርጦ መጣል ነው። ይልቅስ ካርዱ ገና በኪስዎ ያለ አንባቢ፣ የፈቃዱን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ዛሬ ማታ በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ወረቀቱንም ከቦርሳው ለይተው በቤት ያስቀምጡት።