ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ይገድላል፦ በብርድ ሌሊት ቤትን ማሞቅ

በብቸናና በሞጣ ሌሊቱ ሲበርድ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገቡ አሉ። «ጭሱ ስላለቀ ችግር የለውም» ይባላል፤ ይህ ስህተት ነው። የቀላ ፍም ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይጣበቃል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው። ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ካመመው ጋዙን ይጠርጥሩ። በሩን ከፍተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፤ ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነው።

ማሞቂያ የሚገዙ ከሆነ፣ ዘንጉ እየቀላ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ (ኢንፍራሬድ) ምንም ስለማያቃጥል ይህን ጋዝ አያወጣም። ሲወድቅ በራሱ የሚጠፋውን ይምረጡ። ከጋቢ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁት፤ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት፤ ከመተኛትዎ በፊት ያጥፉት። መብራት ቢጠፋም ብርድ ልብስ ይደርቡ እንጂ ከሰል አያስገቡ።