ፊደል ገበታና የሳተላይት መንገድ መሪ ስላለው ስልክ

አንባቢ ሆይ፤ የዛሬው ስልክ ሁሉ መስታወት ብቻ ሆኖ ሳለ ስለ አሮጌ የነጋዴ ስልክ ልጽፍ መነሣቴ ያስቅህ ይሆናል። አጎቴ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን ኖኪያ ኢ71 «መንገድ መሪው ሞቷል፤ ጣለው» ብለው ሰጡኝ። እኔ ግን ከመጣሌ በፊት ልመረምረው ወደድሁ።

ክብደቱ 127 ግራም ነው። ቁልፎቹ ሳይታዩም ስለሚዳሰሱ፣ ለደብዳቤ መጻፊያ ከዛሬዎቹ አስበልጠዋለሁ፤ ጣቱ ወፍራም የሆነ ሰው ግን ይታዘበኛል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስልኩ ወደ ሳተላይት አንዳች ነገር አይልክም፤ ሥራው ማዳመጥ ብቻ ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ሰዓታቸውንና ያሉበትን ስፍራ በራዲዮ ሞገድ ይናገራሉ፤ ስልኩም ሞገዱ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ያውቃል። ሦስት ሳተላይቶች ይበቁ ነበር፤ አራተኛው የሚያስፈልገው የስልኩ ሰዓት እንደ እነርሱ ትክክለኛ ስላልሆነ ነው። ሞገዱ እጅግ ደካማ በመሆኑ ቆርቆሮ አያልፍም። አጎቴ ደግሞ የሞከሩት በሱቃቸው ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሆነው ኖሯል!

ሲም ሳላስገባ ሜዳ ወጣሁ። ኔትወርክ ስላልረዳው ብዙ ደቂቃ አስጠበቀኝ፤ በኋላ ግን ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን አወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ብላክቤሪ 8800ም ጂፒኤስ ነበረው፤ ነገር ግን የራሱን ካርታ ከኔትወርክ ይስብ ስለነበር ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ብዙም አይጠቅምም። ኖኪያው ካርታውን አስቀድሞ በማኅደሩ መጫን ይችል ነበርና እርሱን እመርጣለሁ፤ ምንም እንኳ በወጣበት ጊዜ በድምፅ ለመመራት ክፍያ ቢጠይቅም።

አጎቴ ስልኩን መልሰው ወስደውብኛል።