አሮጌው ጉልበት ይበላል፣ አዲሱ ኪስ ያራቁታል!

«ቤቱን ጎትቶ ሄደ» ሲባል የቀንድ አውጣ ተረት ይመስላል። አሜሪካኖች ግን ይህን ነገር ከለመዱት ቆይተዋል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት ያለው ቤት ጎማ ይገጠምለትና ከፒካፕ ኋላ ይታሰራል። ከዚያ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ተራራ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ... የሆቴል ሒሳብ ብሎ ነገር የለ! እነሱ ትሬለር ይሉታል፤ እኛ በሾፌር ቋንቋ ተሳቢ ቤት እንበለው።

እዚያው አሜሪካ ከሚኖሩ የእኛ ሰዎች መሐልም ይህን ነገር የሞከሩ አልጠፉም። ትምህርት ሲዘጋ ልጆች «ካምፕ እንሂድ» ይላሉ፣ አባት ዋጋ ያጠያይቃል፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ክርክር ይነሣል። አሮጌ በርካሽ ይገዛ ወይስ አዲስ በብድር? ክርክሩ ተራ ነገር እንዳይመስልዎ። ያልታሰበበት ግዢ የዓመታት ቁጠባ ይበላል፤ ሲብስም አውራ ጎዳና ላይ ሕይወት ያስከፍላል። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመን እንያቸው።

አዲስ አበባን ያዩት ተሳቢዎች

አሮጌዎቹን ለመናቅ አይቸኩሉ። አልሙኒየም ለብሶ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጨው ኤርስትሪም የተባለው ስሪት የተጀመረው በ1930ዎቹ ነው። መሥራቹ ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. በ1959 41 ተሳቢዎች አሰልፎ ከኬፕታውን ተነሣና በዓመቱ ካይሮ ገባ። መንገዳቸው በአገራችን ነበር፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለዋቸዋል። ያኔ ስልክ ተነክቶ የሚበራ መብራት፣ በሞተር የሚዘረጋ ጥላ አልነበረም። ግን አፍሪካን አቋርጠዋል። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ዛሬም የሚጎተቱ አሉ።

ታዲያ አዲሱ ምን ጨመረ?

ክንድ ወይስ ቁልፍ?

የመጀመሪያው ልዩነት ቦታው ላይ ደርሰው ሲያቆሙ ይታያል። በአሮጌው ከፊት ያለውን ክሪክ በእጅዎ እያሽከረከሩ ያነሣሉ። ከዚያ አራቱን ማእዘን እየዞሩ መደገፊያውን በማኖቬላ ያወርዳሉ። ቤቱ ተስተካክሎ መቆሙን የሚነግርዎት ውሃ ልክ ነው። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ከነልብስዎ ይታጠባሉ።

በብዙዎቹ አዳዲሶች ክሪኩ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ውድ የሆኑት ደግሞ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ራሳቸው ሚዛናቸውን ጠብቀው ይቆማሉ። የበር ጥላውም እንዲሁ ነው፤ ድሮ በዱላና በጉልበት፣ ዛሬ በሞተር። ወገቡን ለሚያመው ሰው ይኼ ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን የአሮጌው ማኖቬላ ቢበላሽ መፍትሔው ቅባትና መዶሻ ነው። የአዲሱ ሞተር ቢቃጠል ግን ባለሙያ ይፈለጋል፣ ወረፋ ይጠበቃል፣ ገንዘብ ይከፈላል።

ፍሪጁና ሙቅ ውሃው

በአሮጌዎቹ ያለው ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ነው። ኮምፕሬሰር የለውም፣ ድምፅም የለውም፤ ትንሽ ነበልባል አሞኒያውን እያፈላ ያቀዘቅዛል። ገርሞዎት ይሆናል፣ እሳት በረዶ ይሠራል! መብራት በሌለበት ጫካ ብዙ ቀን የሚቆይ ሰው ይህን ይወደዋል። ችግሩ ለመቀዝቀዝ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ ቤቱ አጋድሎ ከቆመም በደንብ አይሠራም፣ ሲቆይም ይበላሻል።

በአዳዲሶቹ እየተለመደ የመጣው በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ ነው። በጥቂት ሰዓት ያቀዘቅዛል፣ ትንሽ ማጋደል አይጎዳውም። ግን ባትሪ ይጠጣል። ሶላር ወይም ጠንካራ ባትሪ ከሌለ ጠዋት ሲነሡ ሥጋው ለብ ብሎ ያገኙታል።

ሙቅ ውሃም ጣጣ ነበረው። ድሮ ውጭ ወጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ ክብሪት መጫር ነበር። ዛሬ ውስጥ ሆነው ማብሪያውን መጫን ነው። በብዙዎቹ ማሞቂያው 23 ሊትር ገደማ ይይዛልና ሁለተኛው ታጣቢ መፍጠን አለበት። አሁን ታንከር የሌለው፣ ውሃው ሲያልፍ የሚያሞቅ ዓይነት መጥቷል። «ሙቅ ውሃ አያልቅም» ይሉዎታል። እውነት ነው፣ ሙቁ አያልቅም፤ ቧንቧ በሌለበት ቦታ ግን ውሃው ራሱ ያልቃል።

የሚለጠጠው ሳሎን

ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ትልቁ ምቾት ይኼ ነው፤ የቤቱ አንድ ጎን እንደ ኮሞዲኖ መሳቢያ ወደ ውጭ ይወጣና ሳሎኑ ይሰፋል። ልጆች ላሏቸው ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ክብደት ይጨምራል፣ በዙሪያው ያለው የጎማ ማሸጊያ ሲያረጅ ውሃ ያስገባል፣ ሞተሩ እምቢ ካለም ሳሎንዎን ከፍተው መንገድ መጀመር አይችሉም።

አንድ ምክር ልስጥዎት። ሲገዙ ሻጩ ሳሎኑን እንዲዘጋው ይጠይቁና ውስጥ ይግቡ። ሽንት ቤቱ ጋ ይደረሳል? የፍሪጁ በር ይከፈታል? አንዳንዶቹ ሲዘጉ አያሳልፉም። መንገድ ላይ ልጅ «ሽንቴ መጣ» ሲል ያኔ ይገባዎታል።

መብራትና ባትሪ

የድሮው አምፖል ይግላል፣ ባትሪም ይጨርሳል። አዲሶቹ ኤልኢዲ ናቸው። ደግነቱ ይህ ለአሮጌውም ይሆናል፤ አምፖሉን ብቻ መቀየር ነው። ባትሪም እንደዚሁ። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አይመከርም፤ ሊቲየሙ ግን አብዛኛውን ጉልበቱን ይሰጣል፣ ክብደቱም ይቀላል። በረዶ በሚሠራ ብርድ ግን ሊቲየምን ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ! ከአዲሶቹ ምቾቶች ብዙዎቹ በኋላ የሚጨመሩ ናቸው። መብራት፣ ባትሪ፣ ሶላር፣ የኤሌክትሪክ ክሪክ፣ ሁሉም አሮጌው ላይ ይገጠማሉ። የማይገጠመው አንድ ነገር ነው፤ ያልበሰበሰ ግድግዳ።

የሁለቱም ጠላት ውሃ ነው

ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ ከውጭ ስስ አልሙኒየም፣ ከውስጥ የእንጨት አጥንት ናቸው። ጣሪያው ላይ ያለው ማሸጊያ ይሰነጠቅና ጠብታ ይገባል። እንጨቱ በዝምታ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ግን ቀለሙ ያብረቀርቃል። አዲሱም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የጣሪያውን ስፌት በየዓመቱ የማያይና የማያሽግ ባለቤት በጥቂት ዓመት ውስጥ አዲሱን አሮጌ ያደርገዋል።

ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት እህት ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። ባል «የድሮ ዕቃ ነው፣ ብረቱን እይው!» እያለ የ30 ዓመት ተሳቢ ሊገዛ ቀብድ ለመክፈል ተዘጋጅቷል። እሷ ከአልጋው ሥር ያለውን ጥግ በተረከዟ ስትረግጠው ወለሉ ስምጥ አለ። «ይኼማ ቤት አይደለም፣ ስፖንጅ ነው» አለችው። ተኮራርፈው ሰነበቱ። ቀጥሎ እሷ የወደደችውን አዲስ ሊያዩ ሄዱ። እዚያ ደግሞ እሱ ወረቀቱን አገላብጦ የብድሩ ዘመን 15 ዓመት መሆኑን አየ፤ የፋብሪካው ዋስትና ግን አንድ ዓመት ብቻ ነበር። «14ቱን ዓመት ማን ሊጠግነው ነው?» አላት። መልስ አጣች። በመጨረሻ ስምንት ዓመት ያገለገለ፣ ሁልጊዜ ጣሪያ ሥር የቆመ አንድ ተሳቢ በጥሬ ገንዘብ ገዙ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ እሱ ስለ ዕዳው፣ እሷ ስለ ወለሉ።

«አዲስ ነው» ማለት ዋስትና አይደለም

ካትሪና የተባለው ማዕበል እ.ኤ.አ. በ2005 ቤት ካሳጣቸው ሰዎች ብዙዎቹ መንግሥት በሰጣቸው ተሳቢ ቤቶች ውስጥ ኖረዋል። ቤቶቹ አዳዲስ ነበሩ። ነዋሪዎቹ ግን ዓይናችን ተቃጠለ፣ ትንፋሽ አጠረን አሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2008 ፎርማልዲሃይድ የተባለው ጋዝ ከፍ ባለ መጠን መገኘቱን አስታወቀ። ጋዙ ከኮምፔንሳቶና ከችፑድ ማጣበቂያ የሚወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠበቀ። ሆኖም አዲስ ዕቃ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለው መስኮቱን ከፍቶ ማናፈስ ነው፤ ሽታው ካልለቀቀ መተው።

ሌላም አለ። ኮቪድ ሰውን ከሆቴል ባሸሸበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች 600 ሺህ ያህል የመዝናኛ ተሽከርካሪዎችን አውጥተዋል፤ በዘርፉ ታሪክ ከፍተኛው ቁጥር ነበር። በጥድፊያ የተሠራ ነገር ሁለት ጊዜ መታየት አለበት።

በሌላ በኩል አሮጌ የገዛም እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። አንዳንድ የግል ማቆሚያዎች ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን ተሳቢ አይቀበሉም። በብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ዕድሜው ሳይሆን ርዝመቱ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት

1ኛ/ ጣሪያውን ወጥተው ይዩ። ውስጡን ጥግ ጥጉን ይጫኑ፣ ያሽቱ። የሻገተ ሽታ ከሸተተዎት ዋጋ አይደራደሩ፣ ይሂዱ።

2ኛ/ ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም ያረጃል፤ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ቢቀየር ይመረጣል።

3ኛ/ ክብደቱን ከመኪናዎ አቅም ጋር ያስተያዩ። መኪናው መንጠቆ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን። 3,000 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ከ300 እስከ 450 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው እንደ እባብ ይወዛወዛል፤ ብዙ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑንም አይርሱ።

4ኛ/ የተሳቢው ፍሬን መሥራቱን፣ ከመኪናው ቢላቀቅ ራሱ የሚይዘው መሣሪያም መኖሩን ያረጋግጡ።

5ኛ/ የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል አለ ወይ? ይኼ በአሮጌው ላይ ላይኖር ይችላል፤ በአዲሱም የአገልግሎት ዘመኑ ያልፋል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ በተኛችሁበት የሚጠብቃችሁ ግን እሱ ነው።

ጉልበትና ሙያ ካለዎት፣ ጠንካራ አጥንት ያለው አሮጌ አይከፋም። ጊዜ ከሌለዎትና ወገብዎ ካስቸገረ አዲሱ ወይም መሐለኛው ይሻላል። ቁልፍ ብዛት ግን አያማልልዎት። ምቾት ማለት ሌሊት ዝናብ ሲወርድ፣ ልጆች ተኝተው፣ ጣሪያው ሳያፈስ ማደር ነው።

ቸር እንሰንብት!